ባሏን ጠላች የተባልኩ ጊዜ

እኔ ሳቄ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነኝ። ባሌም መጀመሪያ የወደደው እሱን ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ለማስተማር ስመጣ እሱ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ብየዳ ይሠራ ነበር። ከተጋባን በኋላም እሱ እዚያው ካምፕ፣ እኔ እዚሁ ኪራይ ቤቴ ሆንን። ፈቃድ ሲያገኝ ይመጣል፣ ይሄዳል። የመጀመሪያ ልጃችንን ሳረግዝ ናፍቆቱ ጠናብኝ። ሌላዋ ነፍሰ ጡር ጥሬ ሥጋ ያምራታል፤ እኔን ያማረኝ እሱ ነበር። ምን ላድርግ!

ታዲያ በዚያው ሰሞን ድዴ መድማት ጀመረ። ጥርሴን በቦረሽኩ ቁጥር አረፋው ይቀላል። «ይሄ ደምኮ የልጄ ነው» አልኩና ብሩሹን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። የተማርኩ ሰው ነኝ እኮ፣ ሰው አስተምራለሁ! ድዴ ጭራሽ አበጠ። ማንጎ ደርሶ ሰፈሩ ሁሉ ሲመጥ፣ አንዲት የማንጎ ክር ጥርሴ መሃል ገብታ እንባዬን አወረደችው። ከዚያ አፌ መሽተት ጀመረ። ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ መጻፍ አበዛሁ። ሳቅ ሲመጣብኝ በሻርፔ ጫፍ አፌን እሸፍናለሁ፤ ቀስ በቀስ ሳቁም ቀረ።

በዚህ መሃል ባሌ መጣ። እንደዚያ የጠበቅኩት ሰው በር ላይ ሊስመኝ ሲጠጋ ፊቴን አዞርኩበት። ጉንጬን ስሞ ገባ። ሲያወራኝ መልሴ «እህ» ብቻ ነው። ትንፋሼ ቢደርሰው የሚሸሸኝ መሰለኝ። ፈቃዱ ሳያልቅ ተመለሰ።

ጉባ ሲደርስ ደወለልኝ። «ስሚኝ፣ አልተቀየምኩም» አለኝ ለስለስ ብሎ። «ትልልቆቹ ሠራተኞች አስረድተውኛል። ነፍሰ ጡር ባሏን ትጠላለች፣ ጠረኑ ያስጠላታል፣ ስትወልድ ይለቃታል አሉኝ። እስክትወልጂ አልመጣም፤ አንቺ ብቻ አትጨነቂ።»

ወይ ጉዴ! በናፍቆቱ የምሞት ሴት ባሏን ጠላች ተባልኩ። እንዳልጠላሁት ልነግረው ነበር። ግን «ታዲያ ለምን ሸሸሽኝ?» ሊለኝ ነው፤ «አፌ ሸተተ» ብሎ ለባል መንገር ደግሞ ሞት መሰለኝ። «እሺ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ልጁ መራገጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የተማሪዎች ፈተና ሳርም ጎኔን ጠለዝ ያደርገኛል። «ና ቶሎ፣ ንካው!» የምለው ሰው አጠገቤ የለም። እሱ ሳይነካው ሊያልፍ ነው እያልኩ የራሴን እጅ ጎኔ ላይ አሳርፋለሁ።

አከራዬ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ብዙ ልጆች ወልዳ ያሳደገች እናት፣ በአማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» የምትል። ያመጣችልኝን ገንፎ እንኳ ስተወው ትኩር ብላ አየችኝ።

«አንተ ጥርስ ታመመ» አለችኝ።

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ወላሂ ውሸት! አንተ ካልበላ ልጅ ምን ይበላል?»

በማግስቱ እየጎተተች ባጃጅ ውስጥ ከተተችኝ። የጥርስ ሐኪሙ «ክፈቺ» ሲለኝ ያፈርኩት ማፈር! እሱ ግን ምንም አልመሰለውም። «በእርግዝና ጊዜ ድድ ቶሎ ይቆጣል፣ ይደማል» አለኝ። «ደሙ ከድድሽ ነው፣ ከልጁ አይደለም። የባሰብሽ መቦረሽ ስለተውሽ ነው።» ጥርሴን አጠበልኝና በለስላሳ ብሩሽ ጠዋትና ማታ እንዳጸዳ ነገረኝ። ከዚያ በፊት ለእርግዝና ክትትል ስመላለስ ክብደቴንም የደም ግፊቴንም ተለክቻለሁ፤ ስለ አፌ ግን የጠየቀኝ አልነበረም፣ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ!

ድዴ እየዳነ ሲሄድ ምግቡም ጣመኝ፣ ልብም አገኘሁ። ደወልኩለት።

«አልጠላሁህም። አፌ ሸቶ ነው። እንዳትሸሸኝ ፈርቼ ነው።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«እኔኮ የብየዳው ጭስ የሸተተሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ስንት ዓይነት ሳሙና እንደቀያየርኩ ብታውቂ!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን ድምፁ ተቆራረጠ፤ እያለቀሰ ነበር። ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ አለኝ።

ፈቃዱ እስኪወጣ ምጡ ቀደመው። የደረሰው ልጄን ታቅፌ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ልጁን ሳመው፣ እኔንም ሳመኝ፤ የዚያን ቀን ፊቴን አላዞርኩም። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አፈር እያለ፣ «ሲራገጥ እንዴት ነበር?» አለኝ።

እጁን ወስጄ ባዶው ሆዴ ላይ አኖርኩና ጣቴን ከመዳፉ ሥር አስገብቼ መታ መታ አደረግኩለት።

«እንዲህ ነበር።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እስቲ ድገሚው» አለኝ።