ከደመወዜ የላክኋት አምስት ዲናር

በወረርሽኙ ወቅት አማን በሰዓት እላፊ በተዘጋችበት ጊዜ ጀበል አማን በሚባለው ሰፈር፣ ባላቸው ከሞቱባቸው አሮጊት አሠሪዬ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። «ማማ» ነበር የምላቸው። የሰዓት እላፊው ሳይረን ሲጮኽ መስኮት እንዘጋለን። ስልኩ ሲጮኽ ግን የምንገባበት አልነበረንም።

የሚደውለው የዕዳ አስከፋይ ቢሮ ሰው ነው። ማማ ባላቸው ታምመው ሳሉ የሕክምናውን በክሬዲት ካርድ ከፍለው ኖሮ፣ ያ ዕዳ ወለድ እየወለደ ቆይቷል። የእህታቸው ልጅ ሙሐሚ ነው፤ ጠበቃ። ስልኩን የማነሣው እኔ ስለሆንኩ ነገሩን ለእኔም አስረዳኝ። ዕዳው አሥር ዓመት ከሞላው ከስሶ ማስከፈል አይቻልም፤ የቀረው አርባ ቀን ገደማ ነው። እስከዚያ ማማ ዕዳው የእኔ ነው እንዳይሉ፣ እንዳይፈርሙ፣ አንዲት ቂርሽ እንዳይከፍሉ። አለዚያ የጡረታቸው እኩሌታ ይሄዳል። የእኔም ደመወዝ የሚወጣው ከዚያችው ጡረታ ነው።

«የሉም» እንድል ታዘዝኩ። ሁዳዴ ነበርና ጾሜን ይዤ መዋሸት ከበደኝ። ደግሞስ በሰዓት እላፊ ማን ወዴት ይሄዳል? ይህን ለመናገር አፍሬ ስልኩን ይዤ ተገተርኩ። ማማ ገባቸውና ተነሥተው በረንዳ ላይ ወጡ።

«በይ፣ አሁን ቤት ውስጥ የለሁም። ንገሪው» አሉኝ።

ሰውየው አይሳደብም፤ የከፋውም ያ ነው። «ያ ቢንቲ» ይለኛል፣ ልጄ እንደማለት። እሱም አለቃ እንዳለበት፣ አምስት ዲናር ብቻ ቢላክ እንደማይደውል ይነግረኛል። ማማ መድኃኒታቸውን መርሳት ጀመሩ። ስልኩ ሳይጮኽም በረንዳ ይወጣሉ።

በእኛ አገር ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ትንሽ ነገር ይዞ አበዳሪው ደጅ ይሄዳል። አልካድኩም ለማለት ነው፤ አበዳሪውም ይታገሣል። አባቴ በማዳበሪያ ዕዳ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ሙሐሚው ማማ እንዳይከፍሉ እንጂ እኔ እንዳልከፍል አልተናገረም ብዬ ራሴን አታለልኩ። በእግር መውጣት በሚፈቀድበት ሰዓት ዳቦ ልገዛ ወርጄ፣ ከደመወዜ አምስት ዲናር ለባለሱቁ ሰጠሁትና በስልኩ ለአስከፋዩ ቢሮ ላከልኝ። በማን ስም ሲለኝ የማማን ነገርኩት።

ሁለት ቀን ዝም አለልን። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ደውሎ አመሰገነ። ማማ ዕዳቸውን ስላመኑ ቀሪውን መቼ እንደሚከፍሉ ጠየቀ።

ሙሐሚው የይለፍ ወረቀት ስለነበረው ወዲያው መጣ። አልጮኸብኝም። የከፈሉት ማማ ከሆኑ አሥሩ ዓመት እንደገና ከአንድ ይቆጠራል አለ። ስለዚህ እሳቸው አለመክፈላቸውን በወረቀት ማስረዳት ያስፈልጋል። ተቀምጦ ጻፈና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ከአገሬ ስወጣ ኤጀንሲው ያቀረበልኝን ሁሉ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። ዐረብኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ እንዲያነብልኝ ለመንኩት። ወረቀቱ ከማማ ቦርሳ ሳላስፈቅድ አምስት ዲናር ወስጄ ላክሁ ይላል።

«አልወሰድኩም። የራሴ ነው» አልኩት።

እንደዚያ ቢጻፍ ጉዳዩን እንደሚያጠነክር፣ ማንም እንደማይከስሰኝ ነገረኝ። ማማ ወለሉን ያያሉ። ጡረታቸውን አሰብኩ፤ ደመወዜንም አሰብኩ።

«የራሴን ገንዘብ፣ ሳልነግራቸው ላክሁ ብለህ ጻፍ። እሱን እፈርማለሁ።»

በዚያ ቤት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ማማ ቀና ብለው፣ «ያለችውን ጻፍ» አሉት።

አዲሱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አስነብቤ ፈረምኩ። ይበቃ እንደሆነ ሙሐሚውም አላወቀም። በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤት የተዘጋባቸው ቀናት ከአሥሩ ዓመት አይቆጠሩም ተባለና፣ ሞላ ስንል ሌላ ቀን ተጨመረብን። ስልኩም መጮኹን አልተወም።

አንድ ጠዋት ማማ አምስት ዲናር አውጥተው ሊመልሱልኝ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። ከተቀበልኳቸው፣ የከፈሉት እሳቸው ሊሆኑ ነው።