ያልደረቀው ድርቆሽ

መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። የአማርኛ መምህራችን አንዱን ጽሑፌን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝን ነገር ልጻፍ። ያናደደኝ ደግሞ የራሴው ሥራ ነው።

ንፋስ መውጫ ከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር ሁለት ልጆች ነን። የእኔ ቀዬ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ቅዳሜ እሄድና እሑድ የሳምንት ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ጓደኛዬ የስማዳ ልጅ ናት። አገሯ የምትገባው በወር አንዴ ነው፣ እሱም መኪና ከተገኘ። ስንቋም የወር ነው።

ጓደኛዬ ዝርክርክ ናት። ይህን ብታነብ ትስቃለች እንጂ አትክድም። ሽሮ ትጥዳለች፣ መጽሐፍ ትገልጣለች፣ ሽሮው ያራል። በመስከረም የበሶዋን ከረጢት አፍ ሳታስር ከሚያፈሰው ቆርቆሮ ሥር ትታው ሄደች፤ ስንመለስ በሶው ጭቃ ሆኗል። ሦስት ቀን ሙሉ ተናገርኳት። ፊቷን ስትታጠብ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ጋደም ስትል። «የእናትሽ ድካም አያሳዝንሽም? አንቺ እኮ ሰው አትሆኚም!» መጨረሻ ላይ «እሺ በቃ፣ ጥፋቴ ነው አልኩሽ እኮ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በዚያው ሰሞን የምክር መምህርታችን ክፍል ገቡና «ስትሳሳቱ፣ ለጓደኛችሁ እንደምትናገሩት አድርጋችሁ ራሳችሁን አናግሩ» አሉን። ደብተሬ ላይ በቆንጆ ጽሕፈት ጻፍኩት። ጓደኛዬ ከጎኔ አንገቷን ደፍታ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልገባኝም።

ከዚያ የድርቆሹ ጉዳይ መጣ። እናቴ ለስንቄ እንጀራ ቆራርሳ እንዲደርቅ አስጥታው ነበር፤ ቅዳሜ ጉም፣ እሑድ ጠዋትም ጉም።

«ይቆይ ልጄ፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ማክሰኞ ገበያተኛ ያመጣልሻል።»

«እማ፣ ደርቋል! እዪው!» ብዬ ከላይ ያለውን አንድ ቁራሽ ሰበርኩላት። ከላይ ያለውን!

ስደርስ ደግሞ፣ በብልህነቴ፣ ከጓደኛዬ የወር ድርቆሽ ጋር በአንድ ማዳበሪያ ደባልቄ አፉን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። እግረ መንገዴን ስለ ከረጢት አስተሳሰር ትምህርት ሰጠኋት።

ሐሙስ ስንፈታው ሽታው አፍንጫችንን መታው። ሻግቷል። የእኔም የእሷም፣ እስከ ታች።

አልጋው ላይ ተደፋሁ። «እኔ ከንቱ ነኝ፣ ሰው አልሆንም፣ እናቴ ነግራኝ ነበር።» ጓደኛዬ ውሃ ሰጠችኝ፣ ጀርባዬን አሻሸችኝ፣ «ግዴለም» አለችኝ። ባሰብኝ። ዓርብም ስነፋረቅ ዋልኩ። ከትምህርት ቤት እንደተመለስን ፍራሿን መጠቅለል ጀመረች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ጎረቤት ካሉት ልጆች ጋር ልገባ። ደከመኝ።»

«በድርቆሹ ነው?»

«የምን ድርቆሽ! በሶዬ የረጠበ ጊዜ ሦስት ቀን እኔን ሰደብሽ። አሁን ራስሽን ስትሰድቢ የማባብልሽ እኔ! የተበላሸው የእኔ ስንቅ፣ የሚጮኸው የእኔ ሆድ፣ የምታለቅሺው አንቺ! እኔ መቼ ልቆጣ? ተራ ስጪኝ እንጂ!»

ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ ግን ፍራሹ እስከ ግማሽ ተጠቅልሏል።

ክፍል ውስጥ ለምን እንደሳቀች ያኔ ገባኝ። የመምህርቷን ምክር እኔ ሳልሰማውም እፈጽመው ነበር። ለጓደኛዬ የምናገረውን ነው ለራሴ የምናገረው። «ሰው አትሆኚም» ያለው አፍ ነው «ሰው አልሆንም» የሚለው። እስከዚያች ቀን ድረስ ጸጸቴን ደግነት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ለካ ሰው አጠገቤ እየተራበ ነው።

ልቅሶዬን ዋጥኩ። «ስንቅሽን አበላሽቻለሁ። በበሶውም ጊዜ ክፉ ተናግሬሻለሁ። ይቅር በዪኝ። አሁን ተቆጪ» አልኩና ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት ያለ ጣጣ ነው! «እኔ እኮ» ልል አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለቴም ዘጋሁት።

ተቆጣች። ከአውቃለሁ ባይነቴ ጀምራ በከረጢቱ አስተሳሰር ጨረሰች። ከዚያ «እርቦኛል» አለች።

ሌላ ጊዜ ብሞት የማላደርገውን አደረግሁ፤ አከራያችን ዘንድ ሄድኩ። «እትዬ፣ ስንቃችን ሻገተብን። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እና ምን ይሁን? ያልሻገተበት ማን አለ?» ብለው እንጀራ ከነወጡ ሰጡኝ። ሁለት ቀን ያለቀስኩት ለዚህ ነው?

ቅዳሜ ጓደኛዬ አብራኝ ወደ ቤታችን ሄደች። ፍራሿ ግን እንደተጠቀለለ ነበር። እሑድ ጠዋት እናቴ «ደረቀ?» ስትል፣ ሁለታችንም ከታች ካለው አንስተን ሞከርን። ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም። «ይደር» አልኩ። ቆሎ ብቻ ይዘን ተመለስን። ስንገባ ጓደኛዬ ፍራሿን ዘረጋች።

ትናንት ሽሮው አረረ።

«አንቺ…» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«…ጭልፋውን አቀብዪኝ» አልኳት። ከላይ ከላዩን ጨልፈን በላነው። የዋጥኩት ስድብ እስካሁን ይከነክነኛል።