የጓሮዬ አፕል በቅመም

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነበርኩ። ከዓለም ባንክ መርካቶ ያለውን መንገድ ጉድጓዱን፣ ፌርማታውን፣ ማን የት እንደሚወርድ ሳይቀር አውቀው ነበር። የራሴ ቤት ወጥ ቤት ግን ለእኔ ሌላ አገር ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ሻይ እንኳ አፍልቼ አላውቅም። ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ የምጠይቅ ሰው ነበርኩ።

በሰፈራችን የመስቀል ደመራ የሚለኮሰው ከቤታችን አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነው። እሳቱ በረድ ሲል ሰው ሁሉ ወደ እኛ ግቢ ይገባል። ማን እንዳስለመደው አላስታውስም፤ ቤቱን ሠርተን ከገባን ጀምሮ እንደዚሁ ነው። ባለቤቴ ለዚያ ምሽት ጠላዋን ቀደም ብላ ትጠምቃለች። የአጥር ጎረቤታችን ሐጂ ከነቤተሰባቸው «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉን ሲመጡ ደግሞ ለእነሱ ለብቻው በማንቆርቆሪያ ሻይ ታፈላለች። ሐጂ ኮልፌ ገበያ የቅመም ሱቅ አላቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ከተዋወቅን ጀምሮ የሚጠሩኝ «ሹፌር» ብለው ነው።

ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ የመጀመሪያውን መስቀል በራችንን ዘግተን አሳለፍነው። ዓመቷ ወጥቶ ሌላ ክረምት ሲያልቅ ልጄ ጥያቄውን አመጣችው። ልጄ ነርስ ናት፤ ዘነበወርቅ በኩል ትሠራለች። የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን።

«አባዬ፣ ዘንድሮ በሩን እንከፍታለን አይደል?»

«እንከፍታለን እንጂ።»

«ጠላውን እኔ አልችልበትም። ተረኛም ነኝ። ለስላሳና ቢራ እናስመጣ?»

«በዚያ ብርድ ለስላሳ?» አልኳት። «ሰው እዚህ ቤት ሲመጣ የኖረው የእናትሽን እጅ ብሎ ነው። ከግሮሰሪ የሚመጣውንማ በየቤቱ ያገኘዋል።»

«ታዲያ ማን ይሥራ?»

«እኔ።»

ሳላስበው ነው ከአፌ ያመለጠው። ልጄ ሳቀች፤ እኔ እንዳልሳቅኩ ስታይ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

ምን እንደምሠራ አላወቅኩም ነበር። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ ግን አፕሉ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ችግኙን አንድ የአገር አቋራጭ ሹፌር ጓደኛዬ ነው ከጨንቻ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣልኝ። ፍሬው ትንንሽ፣ አረንጓዴና ጎምዛዛ ነው። የሰፈሩ ልጆች አንዴ ቀምሰውት ሁለተኛ አጥራችንን አልዘለሉም። በዚያ ክረምት ግን ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አውቶብስ ለማውጣት ዴፖ ስንሰበሰብ አንዲት እናት ዝንጅብል በማር አፍልተው ያጠጡን እንደነበር ትዝ አለኝ። ያን ትኩስ የጠጣ ሹፌር እስከ ረፋድ ብርድ አይደፍረውም። ይሄ ጎምዛዛ አፕልስ በማርና በቅመም ቢፈላ? ብዬ አሰብኩ።

ያንኑ ቀን ሞከርኩት። አፕሉን ቆራርጬ፣ ውሃ ጨምሬ፣ ከባለቤቴ ቆርቆሮ ውስጥ ቅርንፉድ በእፍኜ ዘግኜ ጨምሬ እስኪበቃው አንተከተክሁት። ልጄ ከሥራ ስትመለስ በኩባያ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ፊቷ ተጨማደደ።

«አባዬ፣ ይሄ ለጥርስ ሕመም ነው የሚሆነው! ድዴ ደነዘዘ።»

እኔም ቀመስኩት። እውነቷን ነው፤ ምላሴ እንጨት ሆነ። ሁለታችንም ሳቅን። በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ እናቷ ካረፈች ወዲህ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ከጆንያዎቹ ጀርባ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ።

«ሐጂ፣ ቅመም እንዲያስተምሩኝ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«አንተ ሹፌር! ድግስ አለህ እንዴ?»

ነገርኳቸው። ስለ ቅርንፉዱ ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ግን ቀና ብለው ተቀመጡ።

«የምትሠራው ነገር ይፈላል ወይስ ይጠነሰሳል?»

«ያው ቀን ተሠርቶ ያው ቀን የሚጠጣ ነው፣ ሐጂ። የሚያሰክር ነገር የለበትም።»

«እንዲያ ከሆነ እኔም ጠጪህ ነኝ» አሉና ተነሱ። የቀረፋ ልጥ መርጠው ሰጡኝ፤ «ዱቄቱ ያደፈርስብሃል፣ ልጡን ተጠቀም» አሉኝ። ኮረሪማውን በጥርሳቸው ሰንጥቀው አሸተቱልኝ። «ይሄንን ሸክሸክ ብቻ አድርገው፤ አትፍጨው። ቅርንፉድ ግን እንግዳ ነው፤ ሲበዛ ባለቤቱን ከቤት ያስወጣል። ዝንጅብሉን መጨረሻ ላይ።» ልወጣ ስል ደግሞ ጠሩኝ። «ማሩን እሳት ላይ እንዳታበስለው። አውርደህ ጨምረው።»

የደመራው ዕለት ከጠዋት ጀምሬ ተነሣሁ። አፕሉን አጥቤ በመሞረጃ ሞረድኩት፤ ከአፕሉ ጋር የጣቴም ቆዳ ተሞረደ። ባለቤቴ ጠላ ታጠልልበት የነበረውን ነጭ ጨርቅ ፈልጌ አገኘሁት። አጥቤ፣ የተሞረደውን ጠቅልዬበት ጨመቅኩት። መሪ ሲያዞር የኖረ ክንድ ለካ ለዚህም ይሆናል። ጭማቂው መጀመሪያ ነጣ ያለ ነበር፤ ቆይቶ ሻይ መሰለ። ትንሽ ውሃ ጨምሬ በለስላሳ እሳት ጣድኩት። ቀረፋው ሲገባ ቤቱ ሸተተ፤ ኮረሪማው ሲከተል ግቢው ሸተተ። አረፋውን በጭልፋ እየገፈፍኩ ከአጠገቡ ሳልርቅ ዋልኩ። ቅርንፉድ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ፣ ዝንጅብሉን መጨረሻ ላይ ጨመርኩ፤ አውርጄ ማሩን አከልኩበትና ቀመስኩ። ጉምዝዝታው አልጠፋም፤ ግን ከማሩ ጋር ታርቋል። ቅመሙ ጉሮሮ ላይ ሞቅ ብሎ ይወርዳል። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ «ይሄ ነው!» አልኩ።

ማታ ካፊያ ነበር። ደመራው መጀመሪያ አስቸግሮ ኋላ ተንቦገቦገ። ሰዉ እየዘመረ ዞረ፤ እሳቱ ሲወርድ እንደ ድሮው ወደ ግቢያችን መጉረፍ ጀመረ። ሸራ ወጥረን ነበር። ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የቀዳሁት በእድራችን አንጋፋ ለሆኑት እናት ነው። እሳቸው የድግስ ምግብ ሲቀምሱ ሴቱ ሁሉ ፊታቸውን ነው የሚያየው። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አሸተቱ፤ ፉት አሉ። እንደገና ፉት አሉ።

«ይሄን ማን ሠራው?» አሉ ወደ ልጄ ዞረው።

«አባቴ» አለች ልጄ። ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው ያለችው፤ ከግቢው ዳር የቆመው ሁሉ እንዲሰማ።

«ይሄ ሹፌሩ?»

«እሱ ራሱ።»

ሴትየዋ ኩባያቸውን ጨርሰው እንድደግማቸው ዘረጉልኝ። ከዚያ በኋላ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ግቢውን ዞርኩ።

ሐጂ ከባለቤታቸውና ከሴት ልጃቸው ጋር ሲገቡ እንደ ልማዴ ዓይኔ ሌላ ማንቆርቆሪያ ፈለገ። ለእነሱ ለብቻ የሚቀዳውን ማለቴ ነው። ፈልጌ ፈልጌ በኋላ ነው የገባኝ። ለብቻ የሚቀዳ ነገር የለም። ለቄሱም፣ ለእድሩ ዳኛም የቀዳሁበትን ያንኑ ማንቆርቆሪያ ይዤ ሄድኩ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«ማሻአላህ! ሹፌር፣ ቅርንፉዱን አስታገስከው» አሉኝ።

ባለቤታቸው ደግሞ «እኛ እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ዓመት ሻይ ጠጣን፤ ዛሬ ገና ከሰው እኩል ጠጣን» አሉ። ለቀልድ ነው ያሉት፤ ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ውስጤ የተሰማኝ ነገር ቀልድ አልነበረም። ባለቤቴ ብትኖር ኖሮ ያቺን ቃል ለሳምንት ትደጋግማት ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ብርዱ በበረታበት በታኅሣሥ፣ ሐጂ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ቤቴ መጡ። ለባብሰው ነው የመጡት። ተቀመጡ ስላቸው ቶሎ አልተቀመጡም፤ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ልጃችንን ልንድር ነው» አሉ ሐጂ። «ኒካው ጠዋት ነው፤ እንግዳ በብርድ ይመጣል። ያንን ትኩስህን ለሠርጉ እንድትሠራልን ልንለምንህ ነው።»

«ሐጂ፣ እኔኮ ለሠርግ የሚበቃ ሠርቼ አላውቅም!»

«እኔም ሴት ልጅ ድሬ አላውቅም» አሉኝ። «አብረን እንማራለን።»

የጓሮዬ ፍሬ በዚያ ወቅት አልቆ ነበር። ሐጂ የጨንቻ አፕል በሣጥን አስመጡልኝ። ጣፈጥ ያለ ስለሆነ ሎሚ ጨመርኩበት። ወጥ ቤት በሆነው ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ሽርጥ አሸርጬ ሲያዩኝ መጀመሪያ ተሳሳቁ። አንዷ «አባባ፣ እዚያ ወንዶቹ ጋ ቁጭ ይበሉ፤ እኛ እንሠራዋለን» አለችኝ። «አልነሳም፤ ድስቱ የእኔ ነው» አልኳት። ልጄ ፈቃድ ወስዳ ስትሞርድልኝ አደረች፤ እኔ ስጨምቅ። ሲነጋ ያቺው ሴትዮ ጭልፋውን ይዛ መጥታ አረፋ ትገፍፍልኝ ጀመር።

እንግዳው ጋቢውን ተከናንቦ ገባ፤ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ትኩሱ ሲወርድ ትከሻው ሲፈታ አየዋለሁ። ማንቆርቆሪያዎቹ ባዶ ሆነው ተመለሱ፤ ሞልተን ላክን፤ ባዶ ሆነው ተመለሱ። ሐጂ በወንዶቹ መሐል ሆነው «ወንድሜ ነው የሠራው» ሲሉ በሸራው በኩል ሰማሁ። «ጎረቤቴ» አላሉም፤ «ሹፌሩ»ም አላሉም።

ምሳ ከተነሣ በኋላ ከሳንሱሲ የመጡት የሙሽራው አያት «ያንን ትኩስ የሠራችውን ልጅ ጥሩልኝ፤ ልመርቃት» ብለው ላኩ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ወደፊት ገፉኝ። ሽርጤን ለመፍታት እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። አያት ከሽበቴ እስከ ሽርጤ ድረስ ቃኙኝ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እጅህን አምጣ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ቅመም የሸተተውን፣ ጣቱ የተሞረደውን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አላህ እጅህን ይባርከው። ልጅህንም ለእንዲህ ያለ ወግ ያብቃልህ» አሉ።

ልጄ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «አሜን» አልኩ። ድምፄ ድንኳኑን እንደሞላው ማታ የነገረችኝ እሷ ናት።