ሁለት ሜትር ጨርቅ

መካኒሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሐኪሙ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የምውጠው ኪኒን አዘዘልኝ። ረቡዕና ዓርብ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሁለት ሁለት እውጥ ነበር። ሁለት ከዋጥኩ እጥፍ ጊዜ ይቆይልኛል ብዬ ነው። ይሁንና ረቡዕ በመጣ ቁጥር፣ ገና ቀትር ሳይሆን ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ይለኛል። ተናድጄ ፋርማሲ ሄድኩና ልጅቷን፣ "የምትሸጡት መድኃኒት አይሠራም" አልኳት።

አልተቀየመችኝም። "ጋሼ፣ ሰውነትዎ በየአራት ሰዓቱ ካለው መድኃኒት ግማሹን ያስወጣል። አንድ ሜትር ጨርቅ ይዘው በየአራት ሰዓቱ ግማሹን ቆርጠው እንደሚጥሉት ነው።"

"ሁለት ሜትር ብይዝስ?"

"መጀመሪያ ሲቆርጡት አንድ ሜትር ይቀራላ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬ ይህን ማሰብ አቃተኝ። ሁለተኛዋ ኪኒን የጨመረችልኝ አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም ተኝቼበታለሁ።

"ሁለተኛ እንዳይደርቡ" አለችኝ፤ "ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።"

ጠየቅኋቸው። "ኪኒን ምግብ ነው ያለህ ማነው?" አሉኝ። ማንም አላለኝም፤ እኔው ነኝ።

በቀጣዩ ረቡዕ ጠዋት አንዷን በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኩ። ቀትር ሲቃረብ ክሩን መርፌው ውስጥ ብሰደው በአንድ ጊዜ ገባ። መዝዤ አወጣሁትና እንደገና አስገባሁት።