በሁለተኛው ፊኛ ወደ ጉና

ነገሩ ሁሉ ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ብር ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ሆዴ ውስጥ የውፍረት መቀነሻ ፊኛ ማስገቢያ፣ አውሮፕላን፣ አልጋ፣ አንድ ላይ። ደብረ ታቦር ገበያ በዚህ ብር ደህና ደህና በሬ አራት ይገዛል፤ በሬ ግን እናቴ ዘንድ አያደርሰኝም። እናቴ የምትኖረው ጉና ወገብ ላይ፣ መኪና ከማይደርስበት ነው። እሷ መውረድ አቅቷት፣ እኔ በመቶ ሃምሳ ኪሎዬ መውጣት አቅቶኝ፣ አራት ዓመት አልተያየንም።

አዲስ አበባ

የመጀመሪያው ፊኛ በስድስት ወሩ ሲወጣ ኪሎዬ ተመልሶ መጣ። ለሁለተኛው ስሄድ ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ወጣት፣ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ምን ይበሉ ነበር?»

«ምንም። ባልሽኝ መሠረት ፈሳሽ ብቻ።»

«ምን ፈሳሽ?»

«ጠጅ፣ ብርዝ፣ የቀለጠ ቅቤ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ነጋዴ ነኝና ትርጉሙን አውቃለሁ፤ ዕቃው የተበላሸው ገዥው እጅ ላይ ነው ማለት ነው።

አስተኙኝ፤ ስነቃ አልቋል። ቢላ የለ፣ ስፌት የለ። በአፌ የገባችው ካሜራ የቀረጸችውን አሳየችኝ፦ እንደ ንጋት የቀላ ዋሻ፣ መሐሉ ላይ ፊኛው ውሃ እየጠጣ ቀስ ብሎ ሲያብጥ። ሃምሳ ዓመት ስሞላው የኖርኩት ጎተራ ይሄ ነው! እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

ከገሳይ በላይ

ፊኛው በገባ በአምስተኛው ወር ከደብረ ታቦር በሚኒባስ ጉና ሥር ያለችው ገሳይ ደረስኩ። ድሮ የሚያውቀኝ በቅሎ አከራይ ከእግሬ እስከ ራሴ በዓይኑ ለካኝ።

«ደህና ቀንሰዋል፣ ጌታው። ግን በቅሎዬ ምን በደለችዎ?»

ለእናቴ የያዝኩትን ብርድ ልብስ ብቻ ጭነን ከኋላዋ በእግሬ ተከተልኩ። በየአርባ እርምጃው እቆማለሁ። የድንቹ ማሳ አለቀ፣ ገብሱ መጣ፤ ከላይ ረጃጅሙ የጅባራ ተክል ጉም ለብሷል። ዞር ስል አገሩ ሁሉ ከእግሬ ሥር ተዘርግቷል። ያን ሁሉ የወጣሁት እኔ መሆኔን ማመን አቃተኝ።

እናቴ በሯ ላይ ቆማ «ማነህ?» አለች። ስታውቀኝ አለቀሰች።

«ምነው እንዲህ መነመንክ? ማን በደለህ?»

ቅቤ የዋኘበት ገንፎ አቀረበች። ሦስቴ ቆርሼ እጄን ሰበሰብኩ።

«የኔን እጅ ናቅህ?»

ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ልቧን ልሰብር ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። እውነቱን ነገርኳት፤ ሆዴ ውስጥ ፊኛ አለ፣ ቦታ የለኝም። መዳፏን ሆዴ ላይ አድርጋ እንደ ነፍሰ ጡር ዳሰሰችኝ። አማተበች።

«አወይ ያንተ ሥራ!» አለች ወደ ላይ አንጋጣ። ከዚያ ገንፎውን ወደ ራሷ ሳበች። «በል ተወው፤ ነገም አለ።»

ሦስት ቀን አድሬ ደብረ ታቦር ተመለስኩ። የተማርኩት ይህን ነው፦ ፊኛ ቦታ ይይዛል እንጂ እምቢ አይልም፤ እምቢ የምለው እኔ ነኝ። ሊወጣ አንድ ወር ይቀረዋል። መጋዘኔ ገብቼ እህል መመዘኛው ላይ ቆምኩ። መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ።