የውሻችን ዋስ

አሮጌዋን መኪናዬን የገዛሁ ጊዜ መድን ልገባላት ፒያሳ ወዳለ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ልጅ ስለ ሦስተኛ ወገን ስታስረዳኝ፣ መኪናዬ ሰው ብትገጭ ለተጎጂው የሚጠየቁት እነሱ እንደሆኑ ነገረችኝ። ሳላስበው «የውሻስ አላችሁ?» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ እኛ ቤት ከመኪና ቀድሞ መድን ያገኘው ውሻ ነው።

ውሻው የመጣው ከአዘዞ ነው። እዚያ የአንድ እርዳታ ድርጅት ግቢ የሚጠብቀው አጎቴ፣ ፈረንጆቹ ሲመለሱ ጥለውት የሄዱትን ቡችላ በካርቶን ይዞልን መጣ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቴ ዜማ ሲያስተምር የሚውል መሪጌታ ስለሆነ፣ ደጅ ብቻ ይደር ብሎ ፈቀደ። ቡችላው በዓመቱ ጥጃ አከለ። መልኩ ያስፈራል እንጂ መብረቅ ሲጮህ በር እየቧጠጠ የሚያለቅስ ፈሪ ነበር።

አንድ ክረምት በሌላ ሰፈር የፈረንጅ ዘር ያለው ውሻ ሰው ነከሰና ቀበሌያችን ስብሰባ ጠራ። ዕድሜ ልኩን ሰፈሩን ሲነክስ የኖረው የሐበሻ ውሻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማን ይናገር? ሊቀመንበሩ፣ «የፈረንጅ ዘር ውሻ ያለው ሰው ያስከትብ፣ ይሰር፣ ቢነክስ የሚጠየቅ ዋስም ያቅርብ። እስከ ዓርብ ዋስ ያላቀረበ ውሻው ይወገዳል» አሉ። መወገድ ማለት መርዝ ያለበት ሥጋ ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እዚያው ሰው መሀል አለቀስኩ።

ማስከተቡ ቀላል ሆነ፤ ዋሱ ጠፋ። ለሥራ ዋስ የሚሆን ዘመድ ሞልቶናል፤ ለውሻ ጥርስ ማን ይፈርማል? አጎቴ ራሱ «እኔ የሰጠኋችሁ ቡችላ ነው፣ አንበሳ አልሰጠኋችሁም» ብሎ ሸሸ። እናቴ አምባ ጊዮርጊስ ወንድሟ ዘንድ በአውቶቡስ ሄዳ፣ «ምነው እቴ፣ ውሻ ምን ይታመናል?» የሚል መልስ ይዛ ተመለሰች።

አጥር የሚጋሩንን ሐጂን ግን አልጠየቅናቸውም። ጨርቃጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ውሻው ባለፈ ቁጥር ጀለቢያቸውን ሰብስበው ጥግ ይይዛሉ፤ ለሃጩ ከነካቸው ሰባት ጊዜ ሳይታጠቡ አይሰግዱም። እኔማ ከዚህ አልፌ፣ ቀበሌውን ያነሳሱብን እሳቸው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ሐሙስ ጠዋት መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ሳልመልስ አለፍኩ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዓርብ ከሰዓት አባቴና እኔ ልንለማመጥ ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና «መሪጌታ፣ ዋስዎ እኮ ፈርመው ሄደዋል» አለው። ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ጎራ ብለው ነበር።

በቀጥታ ሱቃቸው ሄድን።

«ሐጂ፣ ምነው ሳይነግሩን?» አለ አባቴ።

«እስክትጠይቁኝ ስጠብቅ ሳምንቱ አለቀ። አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄዳችሁ አሉ። አጥር የሚጋራ ሰው እያለ ይህን ያህል መንገድ ምን አመጣው?»

እኔ አቀርቅሬ «ይቅርታ ሐጂ» አልኩ። ስለ ምን እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል። «ሸጋ ልጅ» አሉኝ፤ «ብቻ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ስወጣ ታስሮ ልየው።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ለኪዳን ሲወጣ መጀመሪያ ውሻውን ያስራል። ሐጂም በራቸውን ከፍተው ይወጣሉ። ሰላም ተባብለው አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ወደ መስጊድ ይሄዳሉ።

በዓመቱ ሐምሌ፣ ቀትር ላይ፣ መብረቅ ጮኸና ውሻው ደንብሮ ሰንሰለቱን በጠሰ። በራቸው ላይ የቆሙትን ሐጂን ቁርጭምጭሚታቸውን ነከሰ። እናቴ ውሻውን ስትይዝ እኔ ውሃ በጆግ ይዤ ሮጥኩ። ሐጂ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ፤ እኔ አፈስሳለሁ፣ እሳቸው ይቆጥራሉ። አራት ላይ ስንደርስ ጩኸቱን የሰሙት ሊቀመንበር መጡ።

«ነከሰ አይደል? ተነካሹ ያመልክት፤ ዋሱም ይጠየቃል» አሉ። ውሻው አለቀለት አልኩ።

«ተነካሹ እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ። «ዋሱም እኔው ነኝ። ተነጋግረን ታርቀናል።»

ሊቀመንበሩ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ አመለጣቸው። ሰንሰለቱን አጥብቁ ብለው ሄዱ።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ውለታ ውሎልኛል፤ የዚያን ቀኑን የሚያህል ግን አላገኘሁም። ማመስገኛ ቃል ስፈልግ ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። «ሰውዬው ቁጥሬን አሳቱኝ፤ ከአንድ ጀምሪልኝ» አሉ።

ከአንድ ጀመርኩ። ሰባተኛውን እንዳፈሰስኩ አባቴ ደርሶ ክሊኒክ ሊወስዳቸው ደግፎ አነሳቸው። ጥቂት እንደሄዱ ሐጂ ዞር አሉ። «ያን ፈሪ አባብዪው እንጂ፤ ደንግጧል» አሉኝ።