ያላነበብኩት ስምምነት

ከመርሳ እስከ ወልድያ ባሉ ቢሮዎች ማን እንደሆንኩ የማያውቅ ሰው ካለ፣ አዲስ የተቀጠረ መሆን አለበት። ትምህርት ቤት የቆየሁት ሁለት ዓመት አይሞላም፤ ዛሬ ግን ሕግ የተማሩ ልጆች መጥተው ያማክሩኛል። በወረዳችን ለአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሲቋቋም ወኪል ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ማኅበሩ የሚያውቀው ዓይነ ስውሩን፣ መስማት የተሳነውንና እግሩ የማይሄድለትን ብቻ ነበር። መማር የሚከብደውን ሰው በአባልነት ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። «ዓይኑ ያያል፣ እግሩ ይሄዳል፤ ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?» ሲሉኝ፣ «እኔን ጠይቁኝ» አልኳቸው።

ፊደል ዓይኔ ላይ አይረጋልኝም። አንዱን ቃል ለቅሜ ሳልጨርስ የሚቀጥለው ይቀላቀልብኛል፤ መስመሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቷል። ልጅ ሳለሁ መምህሬ በክፍሉ ሁሉ ፊት አቁሞ፣ «ይህ ለከብት ይሁን» ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። ችግሩ ስም እንዳለው የሰማሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ስታስረዳኝ ነው። እስከዚያ ድረስ የራሴን ዘዴ ፈጥሬ ነበር። ወረቀት ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብልኛል፤ እያንዳንዱን ነጥብ በመቁጠሪያዬ፣ በሙስበሃዬ ፍሬ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቢሮ ተቀምጬ ፍሬዎቹን ሳንቀሳቅስ ሰዎች ዚክር የማደርግ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አንቀጽ እየያዝኩ ነው። አዋጅን በዚህ መንገድ ያጠና ሌላ ሰው ካለ ልየው። ይህንንም የማወራው በስልኬ እየቀዳሁ ነው፤ ትልቋ ልጄ ትገለብጠዋለች። አንድም ቃል እንዳትቀንስ ነግሬያታለሁ፣ የሚያሳፍረኝንም ጭምር።

ከጦርነቱ በኋላ ነው። ከግራና ከተማ ወዲያ ካለ መንደር አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው። ጉልበቱ የሁለት ሰው ነው፤ ያርሳል፣ ቦይ ይጠርጋል። ነገር ግን ከሳምንቱ ቀናት አንዱን ከሌላው አይለይም፤ ያሉትን ሁሉ እሺ ይላል። አባቱ ሲሞት በመስኖ የሚለማው መሬት ከነብርቱካኑ ወደ እሱ ስም ዞረ። በሬዎቻቸው በጦርነቱ አልቀዋል። አጎቱ፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣ «እኔ ልረስላችሁ» እያለ ይመላለስ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣» አለችኝ እናቱ፣ «እኔ ዛሬ ወይ ነገ ሟች ነኝ። መሬቱ ከሄደበት ይህን ልጅ ማን ያበላዋል? ሰው ደጅ ነው የሚወድቅብኝ። እባክዎ ይያዙልኝ።»

«አብሽሪ፣» አልኳት። «ነገሩ እኔ እጅ ገባ ማለት አለቀ ማለት ነው።»

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ረፋዱን ሙሉ ተነጋግረን ተስማማን፤ አጎቱ ለሁለት ዓመት በእኩል ያርሳል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ፣ መሬቱ የልጁ እንደሆነ ይቆያል። አጎቱ ከመርሳ ያመጣው ማመልከቻ ጸሐፊ ጥግ ተቀምጦ ወረቀቱን ጻፈ። የእኔ ልማድ «ዓይኔ ደክሟል» ብሎ ለሌላ ሰው ማስነበብ ነበር። አጎቱ ግን ቀደመኝ።

«እርስዎ እያሉ ማን ያነባል?» አለ ወረቀቱን እየዘረጋልኝ። «ወልድያ ድረስ ዳኛ የሚያስጨንቁ ሰው አይደሉም እንዴ? ወይስ ሰው የሚያወራው እውነት ነው?»

«ምን ያወራል ሰው?»

«እኔ እንጃ። የቀበሌ ልጆች 'እሳቸው ወረቀት ዘቅዝቀው ነው የሚይዙት' ይላሉ።»

«ተው አንተ፣ ባለጌ!» አለው አንዱ ሽማግሌ። ግን እሱም እየሳቀ ነበር።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ያህል ዓይኔን ከላይ ወደ ታች አወረድኩ፤ ገለበጥኩት፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ ሲወሰን የሰማሁትን ሁሉ፣ በሙስበሃዬ ይዤው ስለነበር፣ ወረቀቱን እያየሁ አንበለበልኩት። አንድ ቃል አልሳትኩም። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ማንበብ ይችላሉ፤ የተስማሙበትን ነገር አንድ በአንድ ከአፌ ስለሰሙ ወረቀቱን ልይ ያለ አልነበረም። «ማሻ አላህ! እንዲህ ነው አንባቢ!» አለ የሳቀው ሽማግሌ። ደስ አለኝ። አጎቱን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም ራሱን በአክብሮት ነቀነቀልኝ።

ልጁ አሻራውን አተመ፤ በቀለም የተነከረ ጣቱን ለእናቱ እያሳየ ሳቀ። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። ፊርማዬን አሳምሬ ነው የምፈርመው። አብረውን የተቀመጡት ሸኽ ዱዓ አደረጉ፤ አሚን አልን። በእኛ ዘንድ ዱዓ የተደረገበትን ነገር መልሶ መቀስቀስ ነውር ነው።

ማሾው ሲለቀም እናትየው እኩሌታዋን ልትቀበል ሄደች። «የምን እኩል? ልጅሽ መሬቱን በስጦታ ሰጥቶኛል» አላት አጎቱ። ወረቀቱ የሚለውም ይህንኑ ነበር። በጦርነቱ ብዙ መዝገብ ስለጠፋ፣ በዚያ ሰሞን ወረቀት የያዘ ነው ባለ መሬት።

«እርስዎ አይደሉም ያነበቡት?» አለችኝ መርሳ ድረስ መጥታ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ወላሂ ሰምቻለሁ!»

«ወረቀቱን ቀይሮታል» አልኳት።

ቅጂውን ለልጄ አስነበብኳት። «አባ፣ ስጦታ ነው የሚለው፤ ፊርማህም ከሥሩ አለ» አለችኝ። ያን ፊርማ ማንም አስመስሎ ሊፈርመው አይችልም። እያወቅሁ ግን «ተቀይሯል» እያልኩ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ዓመት አለፈ። የትም ብሄድ ፊርማዬን አውጥተው ያሳዩኛል። ሽማግሌዎቹም ዱዓ አፈረሰ ብለው ተቀየሙኝ። እኔ ስሜን ስጠብቅ ክረምት ገባ፤ እናትየው ታማ ሞተች። በቀብሯ ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ አጎቱ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን መርሳ መናኸሪያ ልጁን አየሁት። ከቤት ወጥቶ በኩሊነት የማሽላ ጆንያ ተሸክሟል። ጎንበስ እንዳለ አየኝና፣ «አባባ፣ እናቴ ወልድያ ናት?» አለኝ። ቀብሯ ላይ ነበር እኮ። በማግስቱ ማኅበሩ ካገናኘን የሕግ ባለሙያ ጋር ክሱን ለመመሥረት ወደ ወልድያ ተሳፈርኩ።

ቀጠሮው ደርሶ ለምስክርነት ቆምኩ።

«ሰነዱን አንብበው ነው የፈረሙት?» አሉኝ ዳኛው።

«አላነበብኩም።»

«ለሽማግሌዎቹ ጮክ ብለው አንብበዋል ተብሏል።»

«የሰማሁትን ነው ያልኩት። ማንበብ አልችልም።»

አጎቱ ከኋላዬ ሳቀ። ዳኛው ወረቀቱን ሰጡኝና «እስኪ የመጀመሪያውን መስመር ይሞክሩ» አሉኝ። ሞከርኩ። ሁለት ቃል አወጣሁ፤ ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። በመጣሁ ቁጥር ከመቀመጫዋ ተነስታ የምትቀበለኝ የችሎቱ ጸሐፊ ፊቷን ወደ መዝገቧ መለሰች። «ይበቃል» አሉ ዳኛው።

ማንበብ የሚችሉት ሁለቱ ሽማግሌዎች የሰሙት በእኩል የሚል እንደነበር መሰከሩ። ስጦታው ፈረሰ፤ መሬቱ ተመለሰ። ብርቱካኑ ግን ተቆርጧል፣ ቦዩ በደለል ተሞልቷል። ልጁን ወደ ቤቱ ስንመልሰው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልገባም፤ ብዙ ቀን እዚያው ነው ያደረው። ከማኅበሩም «ማንበብ የሚችል ይወከል» ያሉ ተነሱ። በድምፅ ብልጫ አሸነፍኳቸው፤ ብልጫው ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

የሠራሁትን ሌላ ሰው አይቆጥርልኝም፤ እኔው ልቁጠረው።

መማር የሚከብዳቸው ሰዎች በማኅበሩ መዝገብ ሠፍረዋል።

በሲሪንቃ በኩል ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ወደ ክፍል መልሻለሁ፤ አንዷ ፈተናዋን በቃሏ እንድትፈተን አስፈቅጃለሁ። አልፋለች።

በየስብሰባው ስናገር ወረቀት ይዤ አላውቅም።

እኔ ባለሁበት ሽምግልና፣ ከዱዓው በፊት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያነባል። መጀመሪያ ተቃውመውኝ ነበር።

«ማንበብ አልችልም» ማለትን በዚህ ዕድሜዬ ተምሬያለሁ። አሁንም ይከብደኛል።

መሬቱ በልጁ ስም ነው። ያስመለስኩት እናቱ ከሞተች በኋላ ነው፤ ቢሆንም አስመልሻለሁ።